ስለ ባለ ድንኳን ተሳቢ አመራረጥ



በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች የዕረፍት ጊዜያቸውን ከከተማ ወጥተው በድንኳን ማሳለፍ ይወዳሉ። በሞተር ብስክሌት መጓዝን የሚመርጡ ባልና ሚስትም ሲታጠፍ ሣጥን የሚመስል፥ ሲዘረጋ ግን ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ያለው ድንኳን የሚሆን ትንሽ ተሳቢ ማስከተል ይቻላቸዋል። ይሁን እንጂ ይህን ዕቃ በመልኩና በዋጋው ብቻ መርጦ የሚገዛ ሰው የራሱንም፥ ከኋላው የምትቀመጠውንም የትዳር ጓደኛውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። እንዲህ ያሉት ቀላል ተሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ፍሬን የላቸውምና፥ ሞተር ብስክሌቱ በድንገት ሲቆም ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ይመቻል?» ተብሎ ሳይሆን «ዕቃው ሁሉ ተጭኖበት ምን ያህል ይመዝናል?» ተብሎ ነው።

የአገሩ ደንብ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የሚጎትተው ሞተር ከ125 ሲሲ በላይ መሆን አለበት። የተሳቢው ስፋት ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ ከሞተር ብስክሌቱ የኋላ አክስል እስከ ተሳቢው መጨረሻ ያለውም ርዝመት ከ2.5 ሜትር አያልፍም። የተሳቢው ክብደት ከነጭነቱ 150 ኪሎ ግራም ወይም የሞተር ብስክሌቱ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከሁለቱ የሚጸናው አነስተኛው ነው። ሰውን በተሳቢው ውስጥ አሳፍሮ መሄድም ክልክል ነው። ፍጥነቱም በተራው መንገድ በሰዓት ከ50 ማይል፥ በሰፊው አውራ ጎዳና ከ60 ማይል እንዳይበልጥ ተወስኗል።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሞተር ብስክሌቱ ነዳጁ ተሞልቶ 210 ኪሎ የሚመዝን እንደ ሆነ ሁለት ሦስተኛው 140 ኪሎ ነው። ተሳቢው ከነድንኳኑና ከነፍራሹ 100 ኪሎ ቢመዝን ለስንቅና ለዕቃ የሚተርፈው 40 ኪሎ ብቻ ነው። ለሁለት ሰዎች የመኝታ ልብስ 4፥ ምድጃና ጋዝ 5፥ ድስትና ሳሕን 4፥ ልብስ 12፥ ምግብ 8፥ ውሃ 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 43 ይሆናል፤ ገና ወንበር ሳይጫን ልኩ አለፈ ማለት ነው። ውሃው ግን ከሰፈሩ ከተደረሰ በኋላ ሊቀዳ ስለሚችል፥ እርሱ ሲቀር 7 ኪሎ ይተርፋል። የጥንት መንገደኞቻችን በሶና ቆሎ የሚሰንቁት ስለማይበላሽ ብቻ ሳይሆን ስለማይከብድም ነበር።

ይኸው ቤተ ሰብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ ቢሄድ ሒሳቡ ይለወጣል። በዚያ አገር የተሳቢው ክብደት ከነጭነቱ ከሞተር ብስክሌቱ ባዶ ክብደት ግማሽ ማለፍ ስለሌለበት፥ ለዚሁ ሞተር ብስክሌት የሚፈቀደው ቢበዛ 105 ኪሎ ግድም ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ የገዛ ሰው እንግዲህ ከመኝታ ልብሱ በቀር የሚጭነው አይኖረውም። ስለዚህ ፍራሹ ቢሳሳ፥ መስኮቱም ቢያንስ፥ በ20 ኪሎ የሚቀልለውን መምረጥ ብልኅነት ነው።

ክብደቱ ልክ ቢሆንም አጫጫኑ ካልተስተካከለ ጥቅም የለውም። አጋሰስ የሚጭን ነጋዴ ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን መንገድ እንደማይጀምር ሁሉ፥ በተሳቢም ከባዱ ዕቃ ከታች በአክስሉ አጠገብ፥ ጥቂት ወደ ፊት አድልቶ ይቀመጣል። ተሳቢው ተስተካክሎ ቆሞ የመጋጠሚያው ራስ በቤት ሚዛን ላይ ሲያርፍ፥ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ቢያሳይ መልካም ነው፤ ለ140 ኪሎ 14 ኪሎ መሆኑ ነው። የኋላው የከበደ እንደ ሆነ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ ይወላገዳል።

ከዚህ ቀጥሎ መጋጠሚያው ይመርመር። ሞተር ብስክሌት በመታጠፊያ ላይ ጋደል ይላል፤ ተሳቢው ግን ቀጥ ብሎ መቆየት አለበት። ስለሆነም ዙሪያውን የሚሽከረከረው መጋጠሚያ ይሻላል፤ ተሳቢው ቢገለበጥ እንኳ ሞተር ብስክሌቱን ጠምዝዞ እንዳይጥል ይረዳልና። የማያያዣ ሰንሰለቱም አይረሳ። ጎማውን በተመለከተ፥ እጅግ ትንሽ የሆነው ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚሽከረከር ይግላል፥ በጉድጓድም ይያዛል፤ ከፍ ያለው ይመረጣል።

ስለ ሸራው ደግሞ፥ የጥጥ ሸራ አየር ያሳልፋል፥ ነገር ግን ይከብዳል፤ ዝናብ ሲጠጣም ክብደቱ ይጨምራል። ናይለኑ ቀላል ነው፥ ነገር ግን የተኙት ሰዎች ትንፋሽ በውስጡ ጤዛ ይሆናል፤ ስለዚህ የአየር መውጫው በቂ መሆኑ ይታይ። የትኛውም ቢሆን እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታልና፥ ቤት እንደ ተደረሰ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በመጨረሻም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ። የሞተር ብስክሌቱን መጽሐፍ ያንብብ፤ ተሳቢ መጎተትን የማይፈቅዱ ፋብሪካዎች አሉና። የኢንሹራንሱን ውል ይጠይቅ። ድንኳኑንም ሻጩ ሳይረዳው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ዘርግቶ ይጠፈው፤ በሱቁ በር በፀሐይ ያስቸገረ ድንኳን በጨለማና በዝናብ የባሰ ያስቸግራልና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ሚዛኑና መጋጠሚያው በቤት ደጃፍ ረጋ ተብሎ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ይጓዙ።