የሕፃኑ ችፌ የእናቱ ጥፋት አይደለም



እኛ ሙጃዎች የሕፃን ጉንጭ ሲሻክርና ሲቀላ ስናይ «እናቱ በደንብ ባታጥበው ነው» እንላለን። ወቀሳው የከበዳት እናት ደጋግማ በሳሙና ታሸዋለች፤ የደጋው ብርድና ነፋስ ያደረቀው ቆዳም ይብሱን ይሰነጠቃል። ችፌ ግን ከቆሻሻ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ለብ ባለ ውኃ ቶሎ አጥቦ፣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ገላው እርጥበት ሳለው ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት፣ ከሱፍ ልብሱ ሥር ጥጥ ማልበስ ብዙውን ያስታግሳል። ሐኪም ያላዘዘው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የሕፃኑን ለጋ ቆዳ ያሳሳል። መግል ከያዘ፣ ካተኮሰው ወይም ቤተሰቡንም ካሳከከ እከክ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታይ።

አባቶች ሆይ፣ ከወቀሳው በፊት ቫዝሊኑን እንግዛ። ልጁ የሁለታችንም አማና ነው።