ለአሮጌ ተሽከርካሪ የሚቀርብ ዝቅተኛ የመድን ካሳ፦ መነሻውና የባለንብረቱ መብት

ለረጅም ዓመታት ያገለገለ መኪና በአደጋ ሲጎዳ የመድን ድርጅቱ የሚያቀርበው ካሳ ከጠበቁት በእጅጉ ያነሰ መሆኑን ባለንብረቶች ደጋግመው ያነሣሉ። ቅሬታው ተገቢ ምላሽ እንዲያገኝ ግን በመጀመሪያ የካሳው ማነስ ከምን እንደመነጨ መለየት ያስፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት ልዩነቱን ያሰፉ ሁለት ዐበይት ለውጦች ተከስተዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህም ምክንያት የአሮጌ መኪኖችና የመለዋወጫዎች ዋጋ ሲንር፣ በብዙ የመድን ውሎች ላይ የሠፈረው የመኪናው ዋጋ ግን ሳይሻሻል ቀርቷል።

የካሳው ማነስ በአብዛኛው ከሚከተሉት ከአንዱ ይመነጫል።

አንደኛ፣ መኪናው ከዋጋው በታች መድን ተገብቶለት ሊሆን ይችላል። ለአብነት የገበያ ዋጋው 1,200,000 ብር የሆነ መኪና በ600,000 ብር ተመዝግቦ ከሆነ፣ ለ200,000 ብር ጥገና ድርጅቱ ግማሹን ብቻ፣ ማለትም 100,000 ብር ሊከፍል ይችላል፤ ቀሪው የባለንብረቱ ድርሻ ይሆናል። ውሉ ይህን ካሠፈረ በክርክር ማስለወጥ አዳጋች ነው።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ በአዲስ መለዋወጫ ላይ የእርጅና ቅናሽ አስቦ ሊሆን ይችላል። ቅናሹ በውሉ ላይ መጻፉንና ስሌቱን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የመኪናው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ ተገምቶ ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ በማስረጃ ሊሞግት የሚችለው በዋናነት ይህንን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና የመድን ድንጋጌዎቹ ዛሬም የጸኑት የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678፣ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለሆነም መለኪያው መኪናው የተገዛበት ዋጋ ወይም የተመረተበት ዘመን ብቻ ሳይሆን፣ በአደጋው ዕለት በገበያ የነበረው ዋጋ ነው።

ስለዚህ ባለንብረቱ የሚከተሉትን እንዲፈጽም ይመከራል።

• የግምቱን ዝርዝር፣ የተቀነሰውን ሒሳብና ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ፤
• ተመሳሳይ ሞዴልና የምርት ዘመን ያላቸው መኪኖች የሚሸጡበትን ዋጋ፣ ቢያንስ ከሁለት ጋራዦች የተገኘ ፕሮፎርማ፣ የጥገና ደረሰኞችንና የመኪናውን ፎቶግራፎች ማሰባሰብ፤
• በእነዚህ ማስረጃዎች ተደግፎ ግምቱ እንደገና እንዲታይ ለድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት፤
• «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም» በሚል ሰነድ ላይ፣ ይዘቱን ሳይረዱና ሳይስማሙ አለመፈረም።

በድርጅቱ ምላሽ ያልረካ ባለንብረት የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ውሉ አለመግባባት በግልግል እንዲታይ የሚያዝ ከሆነ በዚያው መሠረት፣ ካልሆነም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማቅረብ ይቻላል። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ በመሆኑ፣ ድርድሩ መራዘሙ መብትን እንዳያሳጣ ቀኑን መከታተል ያስፈልጋል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን የባለንብረቱን የራሱን መኪና ጉዳት እንደማይሸፍን ማስታወስም ተገቢ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ያለው ከአደጋው በፊት ነው፤ የመድን ውል በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ የመኪናውን ወቅታዊ የገበያ ዋጋ አጣርቶ ማስመዝገብ ዓረቦኑን ቢጨምርም፣ በአደጋ ጊዜ ግማሽ ካሳ ይዞ ከመቅረት ያድናል።