ፍየሏ ምን አለች?

እኔ የዘንድሮን ገና ያሳለፍኩት መቂ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ወደ ሐዋሳ የምትጓዙ ሰዎች መቂን የምታውቋት በመኪና መስኮት ይሆናል፤ መንገድ ዳር የተከመረ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ የእንጨት ሳጥን እየጫነ የቆመ አይሱዙ፣ ከዚያ አለቀች። እኔ ግን ያደግኩባት ስለሆነች አቧራዋም ይናፍቀኛል። ለበዓሉ የታረደው በግ ነበር። እኛ ቤት ገና ያለ ፍየል አይታሰብም ነበርና ለምን ብዬ ስጠይቅ የወንድሜ ሚስት «ዘንድሮ በግ ይሻላል ብለን ነው» ብላ ወሬ ቀየረች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ቡና እየተፈላ የወንድሜ ልጅ እጄን ጎትታ ጓዳ አስገባችኝና ከፍራሽ ስር አንድ ደብተር አወጣች። 14 ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። እኔን «አዳዳ» ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ደብተሩ ስኩዌር የሒሳብ ደብተር ነው። ከፊት አራት ገጽ ሒሳብ አለ። ከአምስተኛው ገጽ ጀምሮ ዘንዶ።

የአርዌን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጥንት ዘመን አገሪቱን አርዌ የሚባል ዘንዶ ይገዛት ነበር። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለታል። አንጋቦ የሚባል ሰው መጣና «እኔ ብገድለው ምን ትሰጡኛላችሁ?» አለ። «እናነግሥሃለን» አሉት። ለአንዲት ፍየል መርዝ አበላና ወደ ዘንዶው ላካት፤ ዘንዶው ፍየሏን ዋጠ፣ ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ። የንግሥት ማክዳ አባት ይኸው አንጋቦ ነው ይባላል። እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው የኢየሩሳሌም ጉዞ፣ ሰሎሞን፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ነው።

የወንድሜ ልጅ ግን እዚያ ድረስ አልሄደችም። አንደኛ፣ እናቷ «ጽዮንን እንዳትነኪ» ብላታለች። ሁለተኛ፣ እሷን የገዛት ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ትልቅ ፊደል ጽፋበታለች፤ «ሬኤን ማል ጄቴ?» ይላል። ፍየሏ ምን አለች? ማለት ነው። ታሪኩን በሙሉ የምትተርከው ፍየሏ ናት። ዘንዶው (እሷ ጃዌ ነው ያለችው) የሚኖረው እዚሁ ደምበል ሐይቅ ውስጥ ነው። ግብሩ የሚሄድለት በታንኳ ነው። አንጋቦም ጋሻና ጦር የለውም፤ ቦቲ ጫማ አድርጎ ጀርባው ላይ የመድኃኒት መርጫ ፓምፕ ተሸክሟል። መርዙም የጫካ ሥር ወይም የቁልቋል ወተት አይደለም፤ የራስ ቅል ምልክት ያለበት ቢጫ ጄሪካን ነው። መቂ ያደገ ልጅ መርዝ ሳል ቢባል ሌላ ምን ይስላል?

ደነገጥኩ፤ ደግሞም ኮራሁ። የማርኬቲንግ ሰው ነኝና በሥራዬ በሳምንት ስንት «አዲስ ሐሳብ» እየተባለ ይቀርብልኛል። ይሄ ግን እውነተኛ ነበር።

ይህን ታሪክ በሥዕል መተረክ ለእኛ አገር እንግዳ እንዳልሆነ ስነግራት አላመነችኝም። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ከመቶ ዓመት በላይ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅና በብራና ላይ በተርታ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ሲስሉ ኖረዋል። ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ይሆናል፣ በየተርታው 11። ከላይ ከግራ በዘንዶው ይጀምርና ከታች በምኒልክ ያልቃል፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ወይም ራስጌ አጭር ጽሑፍ አለ። የውጭ አገር ሰው እየገዛ ወስዶት ዛሬ በየሙዚየሙ ተሰቅሎ ይገኛል። ሳሎናችሁ ውስጥ ወይም ዘመድ ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። ኮሚክ ማለት እኮ ሌላ አይደለም! ስሙ ብቻ ነው የመጣብን።

ከዚያ ደግሞ የዓይኑን ነገር ነገርኳት። በጥንቱ ሥዕላችን ጥሩ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይሁዳን አስተውላችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ፍየል ግን ዓይኗ ያለው በጎንና በጎን ነው፤ በጎን ከሳልኳት ክፉ ልትሆን ነው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ወዲያው ላጲስ አነሳች። ፍየሏን ሁሉ አጥፍታ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን አድርጋ ሳለቻት። ሞክሩት እስቲ፤ ፍየልን ፊት ለፊት መሳል ቀላል አይደለም።

ስልኬ ላይ ጀምበርን አሳየኋት። ኢታን ኮሚክስን የመሠረተው ብስራት ደበበ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው (ልዩ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ማለቴ ነው፤ ሥራ ማጣቱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን)። ቀጥሎ የመጣችው ጀግና ሐዊ ትባላለች። የኦሮምኛ ስም መሆኑን ስታይ ልጅቷ ስልኬን ቀማችኝ። ማታ ሐዊን ከፍየሏ ጋር በአንድ ታንኳ ላይ ስላቸው አገኘኋት። ፋን አርት የሚባለው ይሄው ነው፤ የወደዳችሁትን ታሪክ ሰው ወስዳችሁ በራሳችሁ እጅ መሳል። ለራስ ደብተር ማንም አይከለክልም። ለሽያጭ ከሆነ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቀዋልና ሐዊን አስፈቅዶ ነው። አርዌን ለማስፈቀድ ግን ማንን ትጠይቃላችሁ?

የድሮ ታሪክን ባልተጠየቀው ወገን ዓይን ማየት ሌላ አገርም ትልቅ ነገር ሆኗል። ፍራንክ ባውም በ1900 የጻፈውን የኦዝ ጠንቋይ ታሪክ፣ ግሬጎሪ ማጓየር የተባለ ደራሲ በ1995 ከክፉዋ ጠንቋይ ወገን ሆኖ «ዊክድ» ብሎ ጻፈው። በ2003 የሙዚቃ ቴአትር፣ በ2024 ፊልም ሆነ። የእኛዋ ልጅ ይህን አላየችም፤ አላነበበችም። መንገዱን በራሷ ነው የደረሰችበት።

ልጆቻችሁ ቢሞክሩት ብላችሁ ካሰባችሁ ቁሳቁሱ ቀላል ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ሦስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት እጠፉት፤ ሲዘረጋ ስምንት ክፍል ይወጣዋል። መሐል ላይ ያሉትን ሁለት እጥፎች ብቻ በርዝመቱ በመቀስ ክፈቱና ወረቀቱን ወደ መሐል ግፉት፤ ያለ ስፌት ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ትሆናለች። በእርሳስ ይነደፍ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ይደመቅ። ንግግሩን ከሥዕሉ በፊት ይጻፉት፤ አለዚያ ቦታ ያልቅና የሰው ራስ ላይ ይጻፋል። እኛ ይህን የተማርነው ሦስት ወረቀት ካበላሸን በኋላ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቁጭ ብላችሁ «ይህን እንዲህ አድርገው» አትበሉ።

ይህን የምላችሁ ስላደረግኩት ነው። በዚያው ማታ ከደብተሩ ሦስት ገጽ ፎቶ አንስቼ ለሥራ ባልደረቦቼ ግሩፕ ላክሁት። «ለፋሲካው ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ነገር ቢሆንስ?» ብዬ። የሳቅ ምልክት ጎረፈ። አንዱ «ፍየሏ ደስ ትላለች፣ ጄሪካኑ ግን ይውጣ፤ ለቤተሰብ አይሆንም» አለ። እኔም ሞኟ ጠዋት ልጅቷን «ጄሪካኑን በአበባ ብትተኪውና ፍየሏ መጨረሻ ላይ ብትተርፍስ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን ነው ያሳየሽው?» አለች። ነገርኳት። ደብተሩን ዘግታ ወጣች። ቀኑን ሙሉ አዳዳ የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

ማታ ወንድሜ በረንዳ ላይ ብቻዬን አገኘኝ። ጋሼ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የሚያለማው፤ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ መሬት ላይ።

«ያቺን ደብተር አየሻት?» አለኝ።

«አየሁ ጋሼ።»

«እኔን ነው የሳለችኝ።»

ፍየሏ የልጅቷ ነበረች። ግልገል ሆና በጡጦ ያሳደገቻት። ባለፈው መስከረም ጋሼ የቲማቲም መድኃኒት በጥብጦ፣ የተረፈውን በተቆረጠ ጄሪካን ማሳው ዳር ትቶ ምሳ ሊበላ ገባ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ነውና ቅጠሏን በጥሳ፣ ውሃም መስሏት ጠጣች። እስከ ማታ አልቆየችም። ጋሼ ለቤተሰቡ «በሽታ ነው፤ ፍየል ላይ ገብቷል ይላሉ» አለ። ልጅቷ ግን ጄሪካኑን አይታው ነበር። አልተናገረችም። ከዚያ ነው መሳል የጀመረችው። እሱም ደብተሩን ሲያገኝ «ፈተና አለብሽ፤ ይሄ ጨዋታ ይቅር» ብሎ ከለከላት። ፈተናውን ሰበብ አደረገው እንጂ ያስጨነቀው ፈተና አልነበረም። በጉ ለምን እንደተገዛም ያኔ ገባኝ።

«ብነግራት እንዴት ታየኛለች?» አለ። ማርኬቲንግ የተማርኩት ነገር ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ሕፃን ቢሆንስ ኖሮ የጠጣው» ብሎ ተነሣ።

በእርሻ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩልኝ። የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን የውሃ መያዣ አይሆንም። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው እዚያው መርጫ ፓምፕ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ ዕቃው ይበሳል፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይገለገልበት። የተበጠበጠ ነገር ደግሞ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ክፍት ሆኖ አይተውም።

በማግስቱ እኔ ፎቶዎቹን ከግሩፑ አጥፍቼ፣ ሰዎቹም ከስልካቸው እንዲያጠፉ ለምኜ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች፤ እሺታዋ ግን ገና ሙሉ አልነበረም። ቁርስ ላይ ጋሼ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ አሳዪኝ» አላት። ደብተሩን ሳትሰጠው በእጇ እንደያዘች ገለጠችለት። ገጽ በገጽ አየ። ጄሪካኑ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ አልነበረም» አለ። «ቦዩ ጋ አይደለም። ከግራሩ ስር ነው የተውኩት። ጥላ ነው ብዬ።»

የወንድሜ ሚስት የቡናውን ረከቦት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልጅቷ አባቷን አላየችውም። ላጲስ ፈለገች፣ ጄሪካኑን አጠፋች፣ ግራር ሳለች። «ወደዚህ ነው ወደዚያ?» አለችው። «ወደዚህ ጠጋ አድርጊው» አላት። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ተቀመጡ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ደብተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሽ ስር ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድረው፤ ከሒሳቡ መጽሐፍ በታች፣ ይሄ የጋሼ ሁኔታ ነው።

ይህን ለእናንተ ልጽፍ ነው ብዬ ሁለቱንም አስፈቅጃለሁ። ጋሼ «ሰው ይማርበት» አለ። ልጅቷ ሦስት ነገር አስገባችኝ። ስሟ አይጻፍ፤ ሥዕሉ አይታተም፤ ፍየሏ ጥቁር እንደሆነችና ግራ ጆሮዋ ነጭ እንደነበር ግን ይጻፍ። ይኸው ጽፌያለሁ።

ልሰናበት ስል መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ገጽ ቀርቶት ነበር። አንጋቦ ከግራሩ ስር ጎንበስ ብሎ ይታያል። ፓምፑ ጀርባው ላይ ነው፤ ፊቱ አይታይም። «ይሄ ሰው በመጨረሻ ስንት ዓይን ነው የሚኖረው?» አልኳት።

«ገና ቀና አላለም» አለችኝ።