ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

በቤት ውስጥ ከሚባክነው ነገር ሁሉ ሳይታይ የሚባክነው እሳትና መብራት ነው። የፈሰሰ ዱቄት ይታያል፤ የተቀደደ ልብስም ይታያል። ያለ ጥቅም የነደደ እንጨት ግን ዐመድ ሆኖ ይጣላል፤ ሰው በሌለበት ክፍል ሲበራ ያደረ አምፖልም ወሩ አልቆ ሂሳቡ እስኪመጣ ድረስ ጉዳቱን አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ እሳትና ስለ መብራት ቁጠባ፥ ይልቁንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በዚህ ሥራ ለቤቱና ለሠፈሩ መሪ ሊሆን ስለሚችልበት መንገድ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ምሳሌያችንንም የምንወስደው ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ነው።

ይኸንን ምድር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጉባ ወረዳ በዐባይ ወንዝ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፥ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ተርባይኖቹ ሁሉ በሚሠሩበት ጊዜ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት ችሎታ አላቸው፤ በግድቡ የሚጠራቀመውም ውኃ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ነገር ግን በዚያው ክልል ብዙ እናቶች ዛሬም የማሽላውን ገንፎ የሚያገነፉት በሦስት ጉልቻ ላይ፥ በእንጨትና በሽመል እሳት ነው። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው በትር ፊትና ኋላ አመዛዝና ስትመጣ ያየ ሰው፥ ታላቅ ብርሃን በተወለደበት አገር የማገዶ ድካም ገና እንዳላለቀ ይረዳል።

«ግድቡ ካለቀ ወዲያ ቁጠባ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ቁጠባ የሚያስፈልገው ከዛሬ ጀምሮ ይበልጡን ነው እንላለን። አገራችን ከምታመነጨው የኤሌትሪክ ኃይል ከ10 እጅ ከ9 እጅ የሚበልጠው ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ውኃውም ከዝናብ ነው። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃው ስለ ቀነሰ መብራት በፈረቃ እንደ ታደለ የምናስታውሰው ነው። ደግሞም የኤሌትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች ገና ብዙ ናቸው፤ ብርሃን ያገኘው የከተማ ሰው ሳያባክን ሲጠቀም፥ ላላገኘው ወንድሙ የሚተርፈውን ያቆያል ማለት ነው።

የማገዶውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሽመል ለበርታና ለጉሙዝ ሕዝብ ቤቱም አጥሩም ነው፤ በክረምት የሚወጣው ለጋ ቡቃያውም ይበላል። ይሁን እንጂ ሽመል ዘመኑ ሲደርስ በአንድነት አብቦ የሚደርቅ፥ ከዚያም ከዘሩ እንደገና አድጎ ለቤት ሥራ እስኪበቃ ዓመታት የሚያስጠብቅ ተክል ነው። ያለ ልክ ለማገዶ የሚቈርጠው ሰው የልጁን ቤት ማገር ያነድዳል። ጢሱም ቢሆን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ቁጠባ የድኻ አገር ሥራ ብቻ እንዳይመስለን የጃፓንን ነገር እናስታውስ። የእኛ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተቀመጠበት በዚያው መጋቢት ወር፥ በ2ኛው ቀን 2003 ዓ.ም.፥ የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል የፉኩሺማን የአቶም ኃይል ማመንጫ አጠፋ። የጃፓንም መንግሥት በቶኪዮና በሰሜን ምሥራቅ አውራጃዎች የሙቀቱ ወራት ሲደርስ ከፍተኛው የኃይል ፍጆታ በ15 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። የቢሮ ሠራተኛው ከረባቱን አውልቆ ማቀዝቀዣውን ቀነሰ፤ ባለሱቁ የሚበዛውን መብራት አጠፋ፤ እያንዳንዱም ቤት ጥቂት ጥቂት ስለ ተወ ያ የሙቀት ወራት ያለ ጨለማ ዐለፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ይኸንን ሥራ በየሠፈሩ ማን ይምራው? እኛ ተማሪው ይምራው እንላለን፤ ምክንያቱም ዋትና ኪሎዋት ምን እንደ ሆነ በቤት ውስጥ አብዝቶ የተማረው እሱ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ግን በመንገዱ ላይ ይቆማል። ይሁን እንጂ አገራችን ይኸንን ተረት የሚያፈርስ ነገር ከዚህ በፊት አይታለች። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ፤ በዚያ ዘመቻ ብዙ መከራና ብዙ ክርክር እንደ ነበረ አንሸሽግም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሽበት ያበቀሉ አባቶች ከልጅ እጅ ፊደል ተቀበሉ፤ ክብራቸውም ከዚህ የተነሣ አልቀነሰም።

አሁን በአሶሳ ከተማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። ይህች ልጅ ሥራዋን ከጎረቤት አትጀምርም፤ ከእናቷ ቤት ትጀምራለች። አንድ ደብተር ይዛ ሰባት ቀን በየማታው የቆጣሪውን ቍጥር ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ፥ «እማዬ፥ በየቀኑ ከምንጋግር በሳምንት ሁለት ቀን ብንጋግር ምጣዱን ለማጋል ብቻ የሚሄደው ኃይል ይተርፈናል» ትላታለች። እናትም፥ «አንቺ ደግሞ መቼ ጋገርሽና!» ብላ ትስቅባት ይሆናል። ልጅቱ ግን አትከራከርም፤ ደብተሩን ታሳያለች እንጂ።

ሂሳቡም ቀላል ነው፤ ዋቱን በሰዓቱ አባዝቶ ለ1 ሺህ ማካፈል ነው። 60 ዋት የሚስብ አሮጌ አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 9 ዋት የሚስበው አዲሱ የኤልኢዲ አምፖል ግን በዚያው ሰዓት 1.35 ብቻ ይፈጃል። የኤሌትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 5 መቶ ዋት ገደማ ስለሚስብ፥ አንዱን ምጣድ መጣድ ከ380 በላይ የኤልኢዲ አምፖሎችን በአንድነት እንደ ማብራት ነው። ስለዚህ ምጣዱን ሰው ሁሉ መብራት በሚያበራበት በምሽት ሰዓት አለመጣድ፥ የመጨረሻውንም እንጀራ ኃይሉን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ከብዙ አምፖል ማጥፋት ይበልጣል።

የሚነድደው እንጨት በሆነበት ቤት ደግሞ ምክሩ ሌላ ነው። እንጨቱን ፈልጦ ማድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ ከፊሉን የራሱን ውኃ በማትነን ይጨርሳልና። ባቄላና አተር ሲቀቀል ማታውኑ መዘፍዘፍ፤ ድስቱን መክደን፤ ሲበስል እሳቱን ወዲያው ማውጣት። ለእንጀራ ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፤ ለድስትም ትክክል የተባለው ምድጃ አለ። ይኸንን ሁሉ በበርታ እናት ቤት በበርታ ቋንቋ፥ በሺናሻ እናት ቤት በሺናሻ ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ከተገኘ፥ ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ ቃሉ ይሰማል።

ስለ ጎረቤት ካነሣን አይቀር፥ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ስንኖር ደጋግመን ያየነውን አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ግቢ፥ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች፥ «የበዛው በአንተ ነው»፥ «የለም፥ በአንቺ ነው» ተባብለው ይካሰሳሉ። ክርክሩ የጥቂት ብር ነው፤ የሚፈርሰው ግን የብዙ ዓመት ጉርብትና ነው። ከሁለቱም ወገን ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የጻፈ ሰው አይገኝም። በእንደዚህ ያለ ግቢ ውስጥ፥ «እትዬ፥ የእርስዎ ምጣድ በዚህ ሳምንት ሦስት ሰዓት ሠርቷል፤ የእኛም ሦስት ሰዓት» ብሎ በትሕትና የሚመዘግብ አንድ ተማሪ ቢኖር ኖሮ፥ ያ መዝገብ ባልተከፈተ ነበር።

ለተማሪዎችም የምንመክረው አለን። ዕውቀታችሁን በትሕትና አቅርቡ፤ ያልተማረችውን እናት በሰው ፊት አታሳፍሩ። የኤሌትሪክ ሽቦ አትንኩ፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ወንዶች ልጆችም ምክር ሰጪ ብቻ እንዳትሆኑ፤ እንጨቱን ፍለጡ፥ ተሸከሙም፤ እኅታችሁ ከማገዶ ለቀማ ዘግይታ ትምህርት ቤት ስትደርስ እናንተ ቀድማችሁ መቀመጣችሁ ክብር አይደለም።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ዛሬ ማታ ደብተር ይዞ በቆጣሪው ወይም በምድጃው አጠገብ ቢቆም አታባርሩት። ጠይቁት፤ ስሙት፤ ለአንድ ወርም ፈትኑት። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ቀንሶ፥ የእንጨቱም ክምር ሳያልቅ ብታገኙት፥ ልጅ ያቦካው ለራት መብቃቱን በገዛ ቤታችሁ ታያላችሁ።