የጀልባ ማኅበር በምን ይቆማል?

በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ክበብ ማቋቋም የተለመደ ነገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ የበጎ አድራጎት ክበብ አለ። ሲቋቋም ጭብጨባው ብዙ ነው። ማኅተም ይቀረጻል፤ ሊቀ መንበር፥ ምክትል ሊቀ መንበር፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥ፥ የሕዝብ ግንኙነት ኀላፊ ይመረጣል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ክበቡ የት እንደ ገባ የሚያውቀው ማኅተሙ የተቈለፈበት መሳቢያ ብቻ ነው። ዛሬ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር ያሰብሁት አንድ ልዩ ዐይነት ክበብ ይዤ ነው፤ ይኸውም በሐይቅ ዳር ከተሞቻችን ወጣቶች በፈቃዳቸው ተሰብስበው፥ በትርፍ ጊዜያቸው ጀልባ እየቀዘፉ፥ ለአካባቢው ሕዝብም አንዳንድ አገልግሎት እየሰጡ ሊያቆሙት የሚችሉት የጀልባ ማኅበር ነው። ይኽን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ቢሰንፍ አንድ መጽሔት ሳይታተም ይቀራል፤ የጀልባ ማኅበር ቢሰንፍ ግን ሰው ይሰጥማል።

ተማሪ በነበርሁ ጊዜ በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ እንዲህ ካለው ክበብ አባል ነበርሁ። የከተማውንም የክበቡንም ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነበርና። ዘጠኝ የሥራ አስፈጻሚ አባሎች ነበሩን። ጀልባ ግን የነበረችን አንዲት ብቻ ስትሆን፥ እርሷም አንድ ደግ ሰው የሰጠን አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበረች። ከዘጠኙ ሹማምንት መካከል ጀልባይቱን እንዲጠብቅ የተሾመ አንድም አልነበረም። ክረምት ሲገባ የዝናቡን ውሃ ከውስጧ የሚጨልፍ አልተገኘም፤ በበጋ ፀሐይ ሲመታት እንጨቱ ተሰነጣጠቀ፤ ስንጥቁንም በጨርቅና በሬንጅ የሚደፍን ሰው አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ እንግዶችን ደስ ለማሰኘት ስንል ዐሥራ አንድ ሆነን ተሳፈርንባት። ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ የነበረን አራት ብቻ ነው፤ እርሱንም ለፎቶግራፍ እንዲያምርባቸው ብለን ለእንግዶቹ አለበስነው። ከዳር ብዙ ሳንርቅ ነፋስ ተነሣ፤ ውሃውም በስንጥቁ መግባቱ ሳያንስ ከላይ በጠርዟ ይገባ ጀመር። ያወጡን በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋና የማይችሉትን በየታንኳቸው ጭነው፥ የቀረነውን በውሃ የተሞላችውን ጀልባ ጠርዝ እንድንይዝ አዘዙን፤ እየጎተቱም እግራችን መሬት ወደሚነካበት ስፍራ አደረሱን።

ዳር ከወጣን በኋላ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ አልተቈጡንም። ከመካከላችሁ ዋና የሚችል ስንት ነው ብለው ብቻ ጠየቁ። ተቈጠርን፤ ሦስት ሆንን። እርሳቸውም አንዲት ቃል ሳይጨምሩ መረባቸውን ሊሰበስቡ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቀኝ የወላጆቻችን እድር ነው። ፊደል የቈጠረ ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት መንደር የተመሠረተ እድር ሠላሳና አርባ ዓመት ይኖራል፤ የተማርነው ሰዎች ያቆምነው ክበብ ግን አንድ ክረምት አይሻገርም። ይኽ ስለምን ሆነ? እድርተኛው ከእኛ የበለጠ ደግ ስለ ሆነ ነው አልልም። እድሩ ግን ማንም በቃሉ ብቻ እንዲኖር አይፈቅድም። ድንኳን የሚተክል፥ ውሃ የሚቀዳ፥ መርዶ የሚናገር በስሙ የታወቀ ነው። የቀረ ሰው በስም ጥሪ ይታወቃል፤ መቀጮውንም ሀብታሙም ድኻውም እኩል ይከፍላል። ዕቃው ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ድስቱና አግዳሚው ይቅርና የድንኳኑ ካስማ ሳይቀር ይቈጠራል፤ የጎደለም እንደ ሆነ ወጪ አድርጎ የወሰደው ይተካል። ሒሳቡም ማንም ሰው ሊሰማው በሚችል ድምፅ በጉባኤ ይነበባል። እኛ ዘመናውያን የሆንነው ግን መቅዘፊያ ቢጠፋ ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን።

ስለዚህ የጀልባ ማኅበር ለማቆም የሚያስብ ወጣት ለመተዳደሪያ ደንቡ አርአያ ከሩቅ አገር ከመፈለግ በፊት የአባቱን እድር ደብተር ገልጦ ይመልከት። በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ሲባል ደስ ባለን ቀን የምንሠራው፥ በደከመን ቀን የምንተወው ማለት አይደለም። ፈቃዱ ሲገቡ ነው፤ ከገቡ በኋላ ግን ግዴታ ነው።

ከሩቅ አገርም ቢሆን ምስክር አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር ሰር ዊልያም ሂላሪ የተባሉ ሰው ባነሡት አሳብ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1824 የተቋቋመው የሕይወት አድን ጀልባዎች ማኅበር ይኸው ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። በጀልባዎቹ ላይ ወጥተው ከማዕበል ጋር የሚታገሉት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፥ አንዱ አስተማሪ፥ አንዱ ባለ ሱቅ ነው። ከተቋቋመ ጀምሮ ያዳኑት ሰው ከ140 ሺህ በላይ ሆኗል። ይኽ የሆነው ጥሪ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው ስለሚሮጡ ብቻ አይደለም፤ ጥሪ በሌለበትም ጊዜ ቀን ቈርጠው ስለሚለማመዱና ጀልባቸውን ስለሚያሰናዱ ነው። ለመዝናናት ከተመሠረቱት የጀልባ ማኅበሮች መካከል ጥንታዊ ነው የሚባለው ደግሞ በአየርላንድ በኮርክ ወደብ በ1720 የቆመው ነው። ከቀድሞ ደንቦቹ አንደኛው አለቃው ለማኅበርተኛው ግብዣ ሲያደርግ ከሁለት ዐይነት የሥጋ ወጥ በላይ እንዳያቀርብ የሚከለክል ነበር። ይኽን ባነበብሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ የእኛንስ አገር ስንቱን ጽዋ ማኅበር ያፈረሰው ተራ የደረሰው ሁሉ ካለፈው ልብለጥ እያለ የሚደግሰው ድግስ አይደለምን?

ተማሪዎች ሆይ፥ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ዝነኛ የጀልባ እሽቅድምድም በ1829 የተጀመረው በሁለት ተማሪ ጓደኛሞች አሳብ መሆኑን ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። ነገር ግን በእሽቅድምድም አትጀምሩ። እሽቅድምድም ፎቶግራፍ ያበዛል እንጂ ዋና አያስተምርም።

የማኅበሩን ደንብ ግማሹን መጻፍ የሚገባው ሐይቁ ራሱ ነው። ጣና ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ታላቅ ውሃ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቈጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጣትም። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ስለዚህ በዚያ ያለ ማኅበር ጀማሪዎችን የሚያወጣው በጠዋት ብቻ ይሁን፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩልም ጉማሬ መኖሩን አይርሳ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ስለ ሆኑ ትንንሽ ቢመስሉም ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ገደል ናቸው፤ እዚያ የሚያሰጋው ከማዕበሉ ይልቅ ከዳር የሚንቦጫረቀው ሕፃን ነው። ለአንዱ ሐይቅ የተጻፈ ደንብ ለሌላው አይሆንም።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ቢኖር የመውጫና የመመለሻ መዝገብ ነው። ጀልባ ከመነሣቷ በፊት የተሳፋሪው ሁሉ ስም፥ የወጣችበት ሰዓት፥ የምትሄድበት አቅጣጫ፥ የምትመለስበት ሰዓት ይጻፋል። መዝገቡን የያዘው ተረኛ ጀልባይቱ እስክትመለስ ከዳር አይነሣም፤ ቡና ለመጠጣትም ቢሆን። በተባለው ሰዓት ካልተመለሰች ለማን እንደሚደውልና የማንን ጀልባ እንደሚያስነሣ አስቀድሞ ተጽፎለታል። ሰደርያ ለሌለው ሰው መቀመጫ የለውም፤ እንግዳም ቢሆን፥ ሹምም ቢሆን። አገር ሰላም ባልሆነበት ወይም መንገዱ በተከለከለበት ጊዜም ጀልባይቱ ታስራ ትዋል።

ሌላው ነገር የመምህሩ ጉዳይ ነው። ክበቦቻችን አሠልጣኝ ሲፈልጉ ዐይናቸው የሚያርፈው የምስክር ወረቀት በያዘ ሰው ላይ ነው። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ታንኳን ከደንገል አስሮ መሥራትን ከአባት ለልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳይቱ ውሃ ጠጥታ እንዳትከብድ ከሥራ በኋላ ወጥታ በፀሐይ መድረቅ እንዳለባት፥ ዕድሜዋም በወራት የሚቈጠር በመሆኑ በጊዜዋ መለወጥ እንደሚገባት ከነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ በተባለችው የደንገል መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር በተነሣ ጊዜ ደንገሉ የተቈረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። መርከቢቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ኋላዋ እየሰጠመ ስላስቸገረ ባርባዶስ ሳትደርስ ተተወች፤ ለዚህም አንደኛው ምክንያት የጥንት ግብጻውያን ኋላዋን ቀና አድርገው ይይዙበት የነበረው አንድ ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተሠራችው ሁለተኛይቱ ግን ተሻገረች። አንድ ገመድ ይኽን ያህል የሚያጠፋ ከሆነ፥ ገመዱን የሚያውቀውን ሰው መናቅ ምን ያህል እንደሚያጠፋ አስቡት። የወይጦን ሰው የሚንቅ ብዙ መሆኑን እናውቃለን። የጀልባ ማኅበር ግን የመጀመሪያ መምህሩን ከነርሱ መካከል ጠርቶ፥ ለድካሙም ዋጋውን ከፍሎ፥ በፊት ወንበር ቢያስቀምጠው፥ ስለ እኩልነት ከሚደረገው ብዙ ንግግር ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎትስ? ከሁሉ በፊት ዋና ማስተማር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። የተባበሩት መንግሥታትም በዚያው ዓመት ሐምሌ 18 ቀን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል፤ ቀኑ በእኛ አገር ወንዝ ሁሉ የሚሞላበት ወር መሆኑ የተመቸ ነው። ወንዶቹ ሲዋኙ ሴቶቹ ሻይ እንዲያፈሉ የሚያደርግ ማኅበር ካለ ግን ይኽን ጽሑፍ እንዳላነበበ እቈጥረዋለሁ።

ቀጥሎ እምቦጭ ነው። ይኽ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከታየ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደ ነቀለው እናውቃለን። ያን ድካም የሚያቃልል ንግግር ከእኔ አይሰማም። ሆኖም አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ሳይሞት ይቈያል። የአንድ ቀን ዘመቻ፥ ባንዲራውና ካሜራው ምንም ቢበዛ፥ ሃያ ዓመት የሚጠብቅን ዘር አያሸንፍም። የጀልባ ማኅበር ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የታወቀ የሐይቅ ዳር ተረክቦ፥ በየዐሥራ አምስት ቀኑ እየዞረ አረሙ የት እንደ በቀለ ይጻፍ፤ ገና ጥቂት ሳለ፥ ሳያብብ ይንቀል፤ የነቀለውንም ማዕበልና የክረምት ሙላት ከማይመልሰው ስፍራ አርቆ ያድርቀው። ጀልባውንም ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲወስድ ከመቅዘፊያው እስከ ሞተሩ ይጠብ፤ የተቈረጠ ቅጠል ይዞ በመሄድ አረሙን የሚያዛምተው ራሱ እንዳይሆን። ሞተር ካለውም ከአጥማጆች መረብ ይራቅ፤ የእኛ መዝናኛ የሌላውን ሰው እራት መቈራረጥ የለበትም።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ነገር ልበል። ባለ ሥልጣን እንዲህ ያለውን ማኅበር ሊረዳ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በክብር እንግድነት ነው፤ ሪባን ይቈርጣል፥ ንግግር ያደርጋል፥ ይሄዳል። ማኅበሩ የሚፈልገው ግን ቅዳሜ ጠዋት በስም ጥሪ ላይ አቤት ብሎ ተራው ሲደርስ ውሃ የሚጨልፈውን ሹም ነው። ደግሞም ሕጉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው እንደሚበቃ ለእነዚያ ዘጠኝ ሥራ አስፈጻሚ ለሚመርጡት ንገሯቸው።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ እንደማይቀር አውቃለሁ። ከወርኀ መዋጮ ይመጣል፤ ጥቂት ይሁን፥ ግን አይቅር። የጀልባ ማደሻው ገንዘብ ከሻዩ ገንዘብ ጋር አይደባለቅ። ቤንዚን የማኅበርን ኪስ የሚያራቁት ነገር ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት በመቅዘፊያና በታንኳ ይበቃል። ለባነርና ለካናቴራ የሚወጣው ወጪ ወደ ሰደርያ ይዙር። መጨለፊያ ለመግዛት ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም፤ አሮጌ ጀሪካን ከወገቡ ተቈርጦ፥ በነፋስ እንዳይወሰድ በሲባጎ ከጀልባይቱ መቀመጫ ጋር ይታሰር።