ፔንግዊን እግሩን ለምን አይበርደውም?

ልጆች ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል አዋቂውን ዝም የሚያሰኙት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል የሚመስሉት ናቸው። በብርድ አገር በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ፣ በረዶ ላይ የቆመ ፔንግዊን ያየ ሕፃን «እግሩን አይበርደውም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በትምህርት ምክንያት በሰሜኑ የዓለም ክፍል በቆየንባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከብዙ ሕፃናት አንደበት ሰምተናል፤ ወላጆች የሚሰጡትንም መልስ አድምጠናል። አንዱ «ለምዶት ነው» ይላል። ሌላው «ስብ ስላለው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ዝንጀሮዎቹ ያመራል። ሦስቱም መልሶች ፍጹም ሐሰት ናቸው አይባልም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ይዘጉታል እንጂ አይመልሱትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ምን ያህል ፊዚክስ እንዳለ ማሳየትና፣ ልጆችን ፔንግዊን ለማሳየት ከሁሉ የሚመረጠው ጊዜ ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው የሚለውን እምነታችንን ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በእኛ አገር «ክረምት» ሲባል ዝናቡ፣ ጭቃውና ጎርፉ ትዝ ይለናል። እዚህ ላይ የምናወራው ግን ስለ ሰሜኑ አገር ክረምት፣ ማለትም እኛ በጋ ብለን በምንጠራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ምድሪቱ በረዶ ለብሳ ስለምትቆይበት የብርድ ወራት ነው።

በዚህ ወቅት ፔንግዊን በማሳየት ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ፣ በአሳሂካዋ ከተማ የሚገኘው የአሳሂያማ የእንስሳት ማቆያ ነው። አሳሂካዋ የብርድ ከተማ ናት፤ በጃፓን ከተመዘገቡት መጠነ ሙቀቶች ሁሉ ዝቅተኛው፣ ከዜሮ በታች 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተለካው እ.ኤ.አ. በጥር 1902 በዚችው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው ይህ ማቆያ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጎብኚ እያጣ ሄዶ፣ በ1996 የጎብኚዎቹ ቁጥር ወደ 260 ሺህ አሽቆለቆለ። ከዚያ በኋላ ግን ሠራተኞቹ አሳባቸውን ለወጡ። እንስሳውን በአጥር ውስጥ አስቀምጦ መልኩን ከማሳየት ይልቅ፣ እንስሳው በተፈጥሮው የሚያደርገውን ነገር እንዲያደርግ ሁኔታውን ማመቻቸትን መረጡ። በ2000 የተከፈተው የፔንግዊኖች ቤት ጎብኚው በውኃ ውስጥ በተዘረጋ የመስተዋት መተላለፊያ እንዲያልፍና ፔንግዊኖቹ ከራሱ በላይ «ሲበሩ» እንዲያይ ያደርጋል። በ2006 የጎብኚዎቹ ቁጥር ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ የሆነው ነዋሪዎቿ ከ400 ሺህ በማይበልጡባት ከተማ ነው።

በብርዱ ወራት ደግሞ «ንጉሥ ፔንግዊን» የሚባሉት በበረዶው ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዛሉ። እነዚህ ፔንግዊኖች በተፈጥሮ ኑሯቸው ለምግብ ፍለጋ በኅብረት የሚሄዱ ናቸው፤ ጉዞው የተጀመረውም በክረምት በአካል እንቅስቃሴ እጥረት እንዳይጎዱ ነው። ጎብኚው በበረዶው ላይ ከተሠመረው መስመር ወዲህ ሆኖ ያያል። ልጆቹ በርከክ ይላሉ፤ ፔንግዊኖቹም በዓይናቸው ትክክል ያልፋሉ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የእግሩ ጥያቄ የሚነሣው።

መልሱ ምንድን ነው? የፔንግዊን የሰውነት ሙቀት ከእኛው ከፍ ያለ ነው፤ 38 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እግሩ ግን እንደ ሰውነቱ አይሞቅም። ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ሞቃት ደም የሚያልፍበት ደም ቅዳ፣ ከእግር ወደ ልብ ቀዝቃዛውን ደም ከሚመልሰው ደም መልስ ጋር ተጠጋግቶ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ወራጁ ደም ሙቀቱን ለሚመለሰው ደም ያስረክባል። ወራጁ እግር ሲደርስ ቀዝቅዟል፤ ተመላሹም ሰውነት ሲደርስ ሞቋል። የእግሩ መጠነ ሙቀት ከዜሮ በላይ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ላይ ይቆያል። እግሩ እንዳይቀዘቅዝ ሳይሆን፣ እንዳይረጋ ብቻ ይጠበቃል ማለት ነው።

የዚህን ጥቅም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ አካል የሚያጣው ሙቀት በእርሱና በአካባቢው መካከል ካለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት ጋር እንደሚመጣጠን ከኒውተን ጀምሮ የታወቀ ነው። በረዶው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ነው እንበል። የፔንግዊኑ እግር እንደ ሰውነቱ 38 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 48 ዲግሪ ይሆን ነበር። እግሩ 2 ዲግሪ ሲሆን ግን ልዩነቱ 12 ዲግሪ ብቻ ነው። ሌላው ሁኔታ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ከእግሩ የሚወጣው ሙቀት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ለሕፃኑ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ «እግሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ በመሆኑም ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል» የሚል ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል፤ ከመረዳትም አልፎ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል።

«ስብ ስላለው ነው» የሚለውም መልስ ቢሆን መስተካከል ይገባዋል። ስቡ ይረዳዋል፤ በየብስ ላይ ሲቆም ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በላባው ሥር የታገደው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ከውኃ ከ20 ጊዜ በላይ ደካማ ነው። ልጁ የለበሰው ወፍራም ጃኬትም የሚያሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጃኬቱ ሙቀት አይፈጥርም፣ አየር አግዶ ያቆያል እንጂ።

ከዚህም የሚያስደንቀው በአንታርክቲካ በሚኖሩት «ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን» በተባሉት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሙቀት ካሜራ ሲለኩ፣ የአብዛኛው ላባ የውጭ ገጽ ከአካባቢው አየር እንኳ በጥቂት ዲግሪዎች ቀዝቅዞ አገኙት። ምክንያቱም ላባው በጨረር አማካይነት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚሰድ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሳይነፍስ ባደረ ሌሊት ውርጭ ሰብሉን እንደሚመታ፣ ደመና ባደረበት ሌሊት ግን እንደማይመታ የደጋው ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። የባቄላውን ቅጠልና የፔንግዊኑን ላባ ከአየሩ ይልቅ ያቀዘቀዛቸው ሕግ አንድ ነው።

በብርዱ ወራት መሄድን የምንመርጥበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። በበጋ የሄደ ልጅ ፔንግዊኑን ያያል፤ በክረምት የሄደ ልጅ ግን ራሱም መለኪያ መሣሪያ ይሆናል። የብረቱን አጥርና የእንጨቱን ወንበር በእጁ ቢነካ፣ ሁለቱም ሌሊቱን በአንድ ብርድ ያደሩ ሆነው ሳለ ብረቱ የበለጠ ይቀዘቅዘዋል። ብረቱ ከእንጨቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳይሆን፣ የእጁን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድበት ነው። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ «በረደኝ» ማለቱም ምክንያት አለው። ጎኑ 1 የሆነ ኩብ ይዘቱ 1፣ የገጹ ስፋት 6 ነው፤ ጎኑ 2 የሆነ ኩብ ይዘቱ 8፣ የገጹ ስፋት 24 ነው። ለአንድ ይዘት የሚደርሰው ገጽ በመጀመሪያው 6፣ በሁለተኛው 3 መሆኑ ነው። ትንሹ አካል ሙቀቱን የሚያፈስበት በር ይበዛበታል። ከአንታርክቲካው ፔንግዊን ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ በምድር ወገብ ላይ ያለው የጋላፓጎስ ፔንግዊን ደግሞ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆን መገኘቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አንዳንዶች «ለዚህ ሲባል ልጅን በብርድ ማንገላታት ለምን? ፊልም አይበቃም ወይ?» ይሉን ይሆናል። ስለ ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊኖች እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የፈረንሳይ ዘጋቢ ፊልም እኛም በአድናቆት ተመልክተነዋል። ፊልሙ ማንም ጎብኚ ሊደርስበት የማይችለውን ያሳያል። ሆኖም በሞቀ ክፍል ተቀምጦ ብርድን ያየ ልጅ ብርድን አላወቀም፤ ጥያቄውም ከእግሩ ጣቶች አልመነጨም። ሌሎች ደግሞ እንስሳን ለልጅ መዝናኛ ሲባል ማገት ተገቢ አይደለም ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። በእኛ እምነት ማቆያ ሁሉ አንድ አይደለምና፣ መለኪያው እንስሳው በዚያ የሚያደርገው ነገር ለራሱ የሚጠቅመው ነው ወይስ ለተመልካች ብቻ? የሚለው ሊሆን ይገባል። በዚህ መለኪያ የወደቀ ማቆያ ልጆችን የሚያስተምራቸው ስለ እንስሳ ሳይሆን ስለ ጉልበት ነው።

ደግሞም ፔንግዊን ሁሉ የበረዶ እንስሳ አይደለም። በአህጉራችን በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ የባሕር ዳርቻ የሚኖር የአፍሪካ ፔንግዊን አለ። በኬፕ ታውን አቅራቢያ ሰዎች በሚዋኙበት አሸዋ ላይ ይታያል። የሚመገባቸው ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉት ዓሦች በማነሳቸው ቁጥሩ እጅግ ተመናምኖ፣ ለመራባት የሚጣመሩት ከ10 ሺህ ጥንድ በታች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መድቦታል። አፍሪካዊ ልጅ ፔንግዊን የሩቅ አገር ተረት እንደሆነ አምኖ ካደገ፣ በገዛ አህጉሩ ሲጠፋ አይጎድልበትም።

ወደ መማሪያ ክፍላችን እንመለስ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች «ሙቀት በስንት መንገድ ይተላለፋል?» ብለን ስንጠይቅ፣ ኮንዳክሽን፣ ኮንቬክሽንና ራዲየሽን የሚለው መልስ በአንድ ድምፅ ይመጣል። «ዶሮ በማለዳ ብርድ ላባዋን የምትነፋውና በአንድ እግሯ የምትቆመው ለምንድን ነው?» ስንል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዶሮዋን ያላየ አንድም ተማሪ የለም። ጥፋቱም የተማሪዎቹ አይደለም። ስሙን ከነገሩ አስቀድመን ስላስተማርናቸው፣ ሕጉ በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በግቢያቸው ያለ አልመሰላቸውም። እነዚህም ተማሪዎች በልጅነታቸው ጠያቂዎች እንደነበሩ አንጠራጠርም፤ በመካከል ብዙ «ተፈጥሮው ነው» ሰምተዋል።

ስለዚህ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎች ብርድ አገሮች ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን በታኅሣሥና በጥር ልጆቻቸውን ደኅና አልብሰው ወደ ፔንግዊኖቹ ቢወስዷቸው፣ ጥያቄ ሲነሣም ባይቸኩሉ መልካም ነው እንላለን። በአገር ቤት ያለን ደግሞ ፔንግዊን ባይኖረንም ውርጩ፣ ዶሮዋ፣ የብረቱ በርና የእንጨቱ በርጩማ አሉን። መምህሩ ከትርጓሜው በፊት ተማሪዎቹን ለአንድ ማለዳ ወደ ግቢ ቢያወጣቸው፣ ሁለቱን በእጃቸው እንዲነኩ ቢያደርግና «የቱ ይቀዘቅዛል? ለምን?» ብሎ ጠይቆ ቢታገሣቸው፣ ወጪ የሌለው ትምህርት ይሆናል። ይህን የሚሞክሩ መምህራን ከተማሪዎቻቸው የሰሙትን መልስ ለዚህ መጽሔት ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።