በዛንዚባር ጉብኝት ስለሚገዛ ነጋዴ

አንድ ጨርቅ አስመጪ ናሙናውን ሳያይ፣ የመድኑን ወረቀት ሳይመረምርና የመላኪያውን ቀን ሳያስጽፍ ለዕቃው ዋጋ አይከፍልም። ይኸው ሰው ለዕረፍት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዛንዚባር በተሻገረ ጊዜ ግን፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው የሦስት ቀን ጉብኝት ሒሳብ በአሸዋው ላይ ቆሞ ይቆጥርለታል። ምክንያቱን ቢጠየቅ «በዕረፍት ላይ ሳለሁ ስለ ንግድ አላስብም» ይላል። እኔ ግን ጉብኝት መግዛት ራሱ ንግድ ነው እላለሁ፤ ያውም ሻጩ ዕቃውን አስቀድሞ የማያሳይበት፣ ገዢውም ከተረከበ በኋላ ሊመልሰው የማይችልበት አስቸጋሪ ንግድ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ የአሠሪዬንና የባልደረቦቹን የሆቴልና የጉብኝት ደብዳቤዎች ስጽፍ ብዙ ዓመት በማሳለፌ ነው። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴቲቱ በሦስት ሰዓት ያህል ያደርሳል፤ መንገዱ ቅርብ ነው። ነገር ግን የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗልና፣ በከንቱ የሚወጣ አንድ ዶላር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያሻም።

በስቶን ታውን ጎዳናዎችና በባሕሩ ጠረፍ ጎብኚውን እየተከተሉ ጉብኝት የሚሸጡትን ደላሎች የአገሩ ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ ቋንቋ መዥገር ማለት ነው። ስሙ ከብዷል፤ ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸውና። ችግሩ ያለው በሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን በንግዱ ሰንሰለት ላይ ነው። ገንዘብ የተቀበለው ሰው ጀልባ የለውም፤ ለሌላው ያስተላልፋል፣ ሌላውም ለጀልባው ባለቤት ያስተላልፋል፣ እያንዳንዱም ድርሻውን ይቀንሳል። በመጨረሻ ባሕር ላይ ይዟችሁ የሚወጣው ሰው የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የጎደለውን ከነዳጁ፣ ከረዳቱ ወይም ከነፍስ አድን ጃኬቱ ለመሙላት ይፈተናል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ጀልባው የማን ነው? ነገስ አብሮን የሚሳፈረው ማን ነው?» የሚለው ነው። አስጎብኚው ከዛንዚባር የቱሪዝም ኮሚሽን የተሰጠውን መታወቂያ እንዲያሳይ መጠየቅም ነውር አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ አለ። አንደኛው «ሁሉን ከአዲስ አበባ ከፍለን እንሂድ» ይላል፤ ሁለተኛው «መከራከር ሙያችን ነውና እዚያው በርካሽ እንገዛለን» ይላል። ለመጀመሪያው የምመልሰው፣ ባሕሩንና ነፋሱን ሳያዩ የስድስት ቀን ጉብኝት መክፈል ያልደረሰ እህል በሙሉ ዋጋ መግዛት ነው የሚል ነው። ከአገር ቤት ሆኖ ከአየር ማረፊያው የሚቀበለውን መኪናና የመጀመሪያውን ቀን የከተማ ጉብኝት መያዝ ይበቃል። በፈረንጆች የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ብቻ፣ ጎብኚ ስለሚበዛ፣ አነስተኛ ቀብድ አስቀድሞ መላክ ይገባል። ለሁለተኛው የምለው ደግሞ በጀልባ ዋጋ ላይ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚከራከር ሰው የሚያተርፈው ከገዛ ልጆቹ ደኅንነት ላይ መሆኑን ይመልከት ነው። እኛ ደገኞች ነን፤ ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ጃኬቱ በልጁ ልክ መገኘቱን ከመሳፈር በፊት አስለብሶ ማየት የአባት ፋንታ እንጂ የጀልባው ባለቤት ፋንታ አይደለም።

አሁን ደጋፊ ምክር የሚያስፈልገው ዋናው ነገር የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በዛንዚባር ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ሜትር ያህል ይደርሳል። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው በጎደለ ጊዜ እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ ጀልባዎቹ በአሸዋ ላይ ተኝተው ይቀራሉ። በሰሜን በኑንግዊና በኬንድዋ ይህ ያህል አይታይም። ናኩፔንዳ የተባለው የአሸዋ ደለል ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ብቅ ይልና ሲሞላ ይሰወራል። እንግዲህ የሙላቱን ሰዓት ያልጠየቀ ገዢ የገዛው ጉብኝት በወረቀት ላይ አለ፣ በባሕሩ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ሰዓቱን ከሆቴሉ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። የነፋሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም «ኩሲ» የተባለው የደቡብ ነፋስ የምሥራቁን ባሕር ያናውጣል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ረጅም ዝናብ ነው።

ሻጩን የሚፈትኑ ጥያቄዎችም አሉ። በምኔምባ ደሴት ላይ ምሳ አበላችኋለሁ የሚል ሰው እውነት አይናገርም፤ ደሴቲቱ የግል ማረፊያ ስለሆነች የቀን ጎብኚ በዙሪያዋ ዓሦቹን በውኃ መነጽር ያያል እንጂ አይወርድባትም። ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራው «የድንቆች ቤት» በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በከፊል ስለፈረሰ፣ ውስጡን አስጎበኛለሁ ለሚል ሰው ከመክፈል በፊት በሩ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያሻል። በጆዛኒ ደን፣ ቀዮቹ ጉሬዛዎች በሚታዩበት ስፍራ፣ አስጎብኚ ከበሩ ይመደባልና ለሁለት መሪዎች አለመክፈሉን ገዢው ያረጋግጥ።

የቅመም እርሻ ጉብኝት ለነጋዴ ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ከነዛፋቸውና ከነሐረጋቸው ይታያሉ፤ በመደብሩ ለዓመታት የሸጠውን ቅመም በቅጠሉ የማያውቅ ባለሱቅ ጥቂት አይደለም። በመጨረሻው የታሸገ ቅመም ይቀርባል፤ ከዘንባባ ቅጠል ባርኔጣ የሚሠሩትም ልጆች ጉርሻ ይጠብቃሉ። ለጉርሻው ዝርዝር ገንዘብ ይያዝ፤ ቅመሙን ለመግዛት ግን በዳራጃኒ ገበያ ዋጋውን አይቶ መወሰን ይሻላል። ለንግድ የሚሆን ቅርንፉድ ከገበሬው እገዛለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ይተው፤ ቅርንፉዱን ከገበሬው ገዝቶ ወደ ውጭ የሚልከው የመንግሥቱ የንግድ ኮርፖሬሽን ነው።

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ «ሳ ታቱ» ቢላችሁ የእኛው ሦስት ሰዓት ነው። ነገር ግን ከእንግዳ ጋር ሲነጋገር በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራልና፣ ሐበሻና ዛንዚባራዊ በእንግሊዝኛ «ሦስት ሰዓት» ተባብለው ቢለያዩ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ከሰዓቱ ጋር «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» ይጻፍ፤ እንዲሁም የጀልባው ባለቤት ስም፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ ምሳው ምን እንደሆነ (በጾም ወራት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም)፣ ባሕሩ ቢናወጥ ገንዘቡ ተመላሽ መሆኑ ይስፈር። ግማሹ ሲፈርሙ፣ ግማሹ ከጀልባው በደኅና ሲወርዱ ይከፈል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ እንዲገዛ የታዘዘው፣ ሲጀመር 44 ዶላር የነበረው መድን ወረቀትም ከደረሰኙ ጋር በአንድ ኪስ ይቀመጥ፤ ለአውሮፕላኑ ዋዜማ ደግሞ ምንም የባሕር ጉብኝት አይያዝ።